ጀምሮ ላልጨረሰ፦ ንስሐን ከራስ ምርመራ እስከ ቁርባን የመፈጸም መመሪያ

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ በደሴ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ካህናትን ከበው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ይበዛሉ። ነጠላውን አፉ ላይ የጣለ ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ የመጣች የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ደብተሩን በብብቱ የሸጎጠ ተማሪ አብረው ይቆማሉ። መናዘዙ ብዙዎችን አያቅታቸውም። የሚያቅታቸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የተሰጠውን ቀኖና (ካህኑ ለንስሐ የሚያዘውን ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት) ፈጽሞ ወደ አባት መመለስ፣ የሰው የሆነውን ለሰው መመለስ፣ ፍትሐት (ካህኑ ከኃጢአት ለመፈታት የሚያደርሰውን ጸሎት) ተቀብሎ መቁረብ። ይህን መመሪያ ስጽፍ በዐይኔ ፊት ያሉት እነዚህ ጀምረው ያልጨረሱ ሰዎች ናቸው። ገና ያልጀመረ ሰውም ከላይ ጀምሮ ቢያነበው ይጠቅመዋል። የምከተለው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ነው።

ከመነሣት በፊት፦ ንስሐ ለድኅነት ምን ታደርጋለች?

ሰው የሚድነው ክርስቶስ በመስቀል ላይ በፈጸመው ቤዛነት ነው። ይህን ድኅነት በእምነትና በጥምቀት ይቀበላል፣ በቅዱስ ቁርባንም ይኖርበታል። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ታዲያ ከተጠመቀ በኋላ የወደቀ ሰው ምን ይሁን? ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዷ የሆነችው ንስሐ የተሰጠችው ለዚህ ሰው ነው። በጥምቀት ያገኘውን ልጅነት በኃጢአት ሲያጎሳቁል የሚመለስባት በር እርሷ ናት፤ እንደ ቁርባንም ትደጋገማለች። ጌታም ስብከቱን የጀመረው «መንግሥተ ሰማያት ቀርባለችና ንስሐ ግቡ» ብሎ ነው (ማቴ. 4፥17)።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች በብዛት ያጋጥማሉ። አንደኛው ቀኖናን እንደ ዕዳ ክፍያ መቁጠር ነው፤ «ይህን ያህል ሰግጃለሁ፣ ስለዚህ ዕዳዬን ጨርሻለሁ» ማለት። በስግደት ቁጥር ኃጢአትን የሚገዛ ሰው የለም፤ ሥርየቱ የሚገኘው ከክርስቶስ ደም ነው። ሁለተኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ «እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል» ብሎ ተቀምጦ መቅረት። ልብን ማወቁስ ያውቃል፤ እንዳልተነሣንም ያውቃል።

በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ለማመካኛ የሚጠቅሱ አሉ፤ «እርሱ በአንዲት ቃል ገነት ገባ» ይላሉ። ያ ሰው ግን በዚያች ጥቂት ሰዓት ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ ጥፋቱን አመነ፣ ቅጣቱ እንደሚገባው ተናገረ፣ የጌታን ንጽሕና መሰከረ፣ ከዚያም ለመነ። የነበረው ጊዜ ያ ብቻ ነበር። ዓመታት ተሰጥተውት ዛሬን ነገ የሚል ሰው ራሱን ከእርሱ ጋር ሊያስተካክል አይችልም።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ግን የይሁዳ ታሪክ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 27ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ይሁዳ ተጸጽቷል፤ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎ በአፉ ተናግሯል፤ ሠላሳውን ብርም መልሷል። ጸጸት ነበረው፣ ኑዛዜ ነበረው፣ የወሰደውንም መልሷል። ያላደረገው አንድ ነገር ወደ ጌታው መመለስ ነው። ጴጥሮስ በዚያው ሌሊት ሦስት ጊዜ ክዶ ምርር ብሎ አለቀሰ፣ ከወንድሞቹ ሳይለይ ቆየ፣ በኋላም በባሕሩ ዳር ጌታን ሲያይ ከታንኳው ዘሎ ወደ እርሱ ሄደ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ዓላማቸው ወደ ጌታ መመለስ ነው፤ ያለዚያ የቱንም ያህል በትክክል ቢፈጸሙ ከይሁዳ መንገድ አያልፉም።

በከተማችን ያሉ ወንጌላውያን ወገኖቻችን ለእግዚአብሔር በቀጥታ መናዘዝ ይበቃል ይላሉ። ተዋሕዶ የምትመልሰው ጌታ ለሐዋርያት «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ብሎ ሥልጣን መስጠቱን (ዮሐ. 20፥23)፣ ዐሥሩን ለምጻሞችም «ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ማለቱን (ሉቃ. 17፥14) ጠቅሳ ነው። ካህኑ ምስክርና መሪ ነው፤ ይቅር ባዩ እግዚአብሔር ነው። ለዚህም ነው «ይፍቱኝ» ስንላቸው «እግዚአብሔር ይፍታ» የሚሉን።

አንደኛ፦ ራስን መመርመር

ለዚህ ሥራ ጸጥታ ያስፈልጋል። የደሴ ቤት በሰውና በጎረቤት የተሞላ ስለሆነ ብዙዎች የሚያገኙት ጸጥታ ማለዳ ከኪዳን ጸሎት በፊት ወይም ማታ ሰው ከተኛ በኋላ ነው። አስቀድማችሁ መዝሙር 50ን ጸልዩ፤ ናታን ዳዊትን ከገሠጸው በኋላ የተዘመረ ነው፤ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ዐሠርቱ ትእዛዛትን አንድ በአንድ እያነሣችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በዚያ አትብቁ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 5ን ጨምሩ፤ አትግደል የሚለው ትእዛዝ ወደ ቊጣና ስድብ፣ አታመንዝር የሚለው ወደ ዐይን የሚወርደው እዚያ ነው። ቀጥሎ ማቴዎስ 25ን አንብቡ፤ ሳታደርጉ የቀራችሁት መልካም ነገር የሚጠየቀው እዚህ ነው። ኃጢአት በሐልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር) እና በገቢር (በሥራ) ስለሚሠራ ሦስቱንም መንገዶች ፈትሹ።

ምርመራው ወደ ኑሯችሁ ካልወረደ ከንቱ ነው። ነጋዴ ከሆናችሁ ሚዛናችሁን፣ በርበሬው ላይ የተቀላቀለውን፣ ቅቤው ውስጥ የገባውን አስቡ። ቤት አከራይ ከሆናችሁ ተከራይ ማስጨነቃችሁን፣ የቤት ሠራተኛ ካላችሁ ደመወዟን በሰበብ መያዛችሁን መርምሩ። ባጃጅ የሚነዳ ሰው እንግዳ መሆኑን አይቶ ዋጋ ያጠፈበትን መንገደኛ ያስታውስ። በኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ያልሠራበትን ሰዓት ማስሞላቱን፣ የባልደረባውን ስም ለአለቃ ማቀበሉን ይጠይቅ። ቡና ላይ የተነሣ የሰው ስም ደግሞ የሁላችንም ነው፤ ከዚህ ነፃ ነኝ የሚል ካለ እንደ ገና ይመርምር።

ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል፤ በተለይ ለረጅም ዓመት ላልተናዘዘ ሰው ጥሩ ነው። ወረቀት ላይ በአጭሩ ጻፉና ከተናዘዛችሁ በኋላ አቃጥሉት። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል።

ሁለተኛ፦ የንስሐ አባት መያዝ

የንስሐ አባት የሚሆነው ቅስና ያለው ካህን ነው፤ ዲያቆን ማናዘዝ አይችልም። ባልና ሚስት፣ ከተቻለም መላው ቤተሰብ አንድ አባት ቢይዝ መልካም ነው፤ የአንዱ ቀኖና የሌላውን እንዳያውክ፣ ቤቱም በአንድ ምክር እንዲመራ።

የንስሐ አባታችሁ በገጠር ሆነው እናንተ ከተማ የገባችሁ ብዙ ናችሁ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከደላንታ፣ ከተንታ፣ ከለጋምቦና ከሌሎች ወረዳዎች ለሥራ የመጣ ወጣት በዝቷል፤ የንስሐ አባቱም እዚያው ቀርተዋል። በስልክ ሰላምታና ምክር መቀበል ደግ ነው፤ ኑዛዜ ግን ፊት ለፊት የሚፈጸም፣ መስቀል የሚሳለሙበት ምሥጢር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳን አገር ቤት መድረስ የማትችሉ ከሆነ ለቀድሞው አባታችሁ ደውላችሁ «አባቴ፣ ሥራ እዚህ አስቀርቶኛል፤ በሚቀርቡኝ አባት እንድያዝ ይፍቀዱልኝ» በሏቸው። ተሸሽቶ ከመሄድ ተመርቆ መሄድ ይሻላል፤ አብዛኞቹም ደስ ብሏቸው ይመርቃሉ።

አዲስ አባት ለማግኘት በምትሳለሙበት ደብር የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ቀጥተኛው መንገድ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም ያገናኛሉ። ስትመርጡ ድምፀ መረዋውን ወይም በስብከት የታወቁትን አትፈልጉ። ጊዜ ያላቸውን፣ የሚሰሙትን፣ ሲቈጡም የማያርቁትን ፈልጉ። የቅርብ ዘመድ ወይም የዕድር ጓደኛ የሆነ ካህን ይቅርባችሁ፤ እፍረት መያዙ አይቀርም። ካህን የሰማውን ኑዛዜ ቢያወጣ በክህነቱ ይጠየቅበታል፤ ስለዚህ «ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፣ ይወራብኛል» የሚለው ስጋት አያግዳችሁ።

አንድ የተለመደ ማምለጫ አለ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥቶ፣ በዚያ ሕዝብ መካከል ለማያውቁት መነኩሴ ተናዝዞ መመለስ። ጉዞው በረከት ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን ቀኖናውን ማን ይከታተላል? ስትወድቁ ማን ይጠይቃችኋል? ግሸን ደርሶ መምጣት ወይም ሐይቅ እስጢፋኖስን መሳለም የንስሐ አባትን አይተካም። ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች የማይገቡበት የወንዶች ገዳም ስለሆነ ቤተሰብ ይዛችሁ የምታቅዱ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ።

ሦስተኛ፦ ኑዛዜው

ጊዜውን በቀጠሮ ያዙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ማኅሌትና ቅዳሴ አድክሟቸው፣ ጠበል እንዲረጩት የሚጠብቅ ሰው ከብቧቸው ሳለ ረጅም ኑዛዜ አይሰሙም። የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሻላል። በክረምት የደሴ ጉምና ዝናብ ሰውን ስለሚያስቀር ካህናቱ ያን ጊዜ ሰፋ ያለ ሰዓት አላቸው።

ስትቀርቡ መስቀል ተሳለሙና «ይፍቱኝ አባቴ» በሉ። ከዚያ ጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

እንዲህ ያለ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ ይሰማል፦ «ያው እንደ ሰው በድያለሁ አባቴ። ባለቤቴም ታናድደኛለች። ዘመኑም ክፉ ነው፤ ሳይዋሹ መነገድ አይቻልም።» በዚህ ውስጥ ኃጢአት አልተጠቀሰም፤ ክስ ግን አለ፤ ባለቤቱም ዘመኑም ተከሰዋል። አሁን ይህን ተመልከቱ፦ «አባቴ፣ ሁለት ዓመት ያህል ሱቄ ውስጥ በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር እየቀላቀልኩ ሸጫለሁ። በትርፉ ቤቴን አድሼበታለሁ። ካለፈው ጥምቀት ወዲህ ትቼዋለሁ። እስካሁን ያወቀብኝ ሰው የለም።» ምን እንደ ሠራ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ያገኘው ምን ላይ እንደ ዋለ፣ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ሁሉም ተነግሯል። ካህኑም ከዚህ ተነሥተው ሊመክሩት ይችላሉ፤ ከመጀመሪያው ግን የሚይዙት ነገር የለም።

የአብሮ ኃጢአተኛውን ስም አትጥሩ፤ የምትናዘዙት የራሳችሁን ነው። ዝሙትን በተመለከተ ኃጢአቱን በስሙ መጥራት ይበቃል፤ አሳብን የሚያረክስ ዝርዝር አያስፈልግም። ካህኑ ቢጠይቋችሁ ግን በእውነት መልሱ። አንድ ኃጢአት ደብቆ ሌላውን መናዘዝ የሚደረገው በብዛት ከእፍረት የተነሣ ነው፤ ስለዚህ በጣም የምታፍሩበትን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የቀረው ይቀላል። መጽሐፍም «ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም፤ የሚናዘዝባትና የሚተዋት ግን ምሕረትን ያገኛል» ይላል (ምሳ. 28፥13)። «የሚተዋት» የሚለውን ልብ በሉ። አሁንም እየሠራችሁት ያላችሁት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ ይህንኑ ተናገሩና መውጫውን ጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጋባት የሚቻልበትን መንገድ አባታችሁ ያሳዩዋችኋል።

አራተኛ፦ ቀኖና

ቀኖና ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት፣ ምጽዋት ወይም የእነዚህ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ለሁለት ሕመምተኞች አንድ ዓይነት መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ የንስሐ አባትም እንደ ሰውየው ዐቅምና እንደ ቍስሉ ያዛል፤ ስለዚህ የጎረቤታችሁን ቀኖና ጠይቃችሁ ከራሳችሁ ጋር አታነጻጽሩ። ለገንዘብ ወዳድ ምጽዋት፣ ለሆዳም ጾም፣ ለትዕቢተኛ ስግደት መሰጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁኔታችሁን ግን ሳትሸሽጉ ንገሯቸው። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት፣ የስኳርና የልብ ሕመምተኛ፣ በፈረቃ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ይናገር። ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ፊት የቆመች ልጅ ጠዋት ብዙ ስግደት ስትጀምር በሳምንቷ ትተወዋለች፤ ያልተፈጸመ ቀኖና ደግሞ ኅሊናን ያከብዳል። «ይህ አይሆንልኝም፣ አባቴ» ማለት ነውር አይደለም፤ ይቀይሩላችኋል። በራስ ፈቃድ መቀነስ ግን አይገባም፣ መጨመርም እንዲሁ።

አንድ ተግባራዊ ነገር፦ በቅዳሜና በእሑድ፣ በጌታ ዐበይት በዓላት፣ እንዲሁም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት የንስሐ ስግደት አይሰገድም። ስለዚህ በሕማማት ዋዜማ ስግደት የተሰጠው ሰው ከፋሲካ በፊት ካልጨረሰ ምን እንደሚያደርግ አባቱን ይጠይቅ፤ በራሱ ጊዜ በበዓለ ሃምሳ አይስገድ፣ ረስቶም አይቅር።

አምስተኛ፦ የሰውን ለሰው መመለስ

ከደረጃዎቹ ሁሉ በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ብዙ ንስሐ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ያለው ቃል ስለ ስሜቱ አይደለም፤ ስለ ገንዘቡ ነው፤ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሊሰጥ፣ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ጌታም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው ያን ጊዜ ነው (ሉቃ. 19፥8-9)። ንስሐና ድኅነት እንዴት እንደሚያያዙ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቦታ ብዙ አላውቅም። ዘኬዎስ መዳንን በገንዘቡ አልገዛም፤ መዳን ቤቱ ስለ ገባ እጁ ተፈታ።

በኦሪትም (ዘሌዋውያን 6) በግፍ የወሰደ ሰው ሙሉውን መልሶ አምስተኛውን እጅ እንዲጨምር ታዟል። በዛሬው ኑሮ ይህን ስታሰሉ የብርን ዋጋ አትርሱ። ከስምንት ዓመት በፊት የተበላ 3,000 ብር ዛሬ በ3,000 ብር አይመለስም፤ ያን ጊዜ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛ እንደ ነበር አስባችሁ ከአባታችሁ ጋር ተመካከሩ። በአንድ ጊዜ የማይቻል ከሆነ በየወሩ ከፋፍሎ መመለስ ይቻላል፤ ዋናው መጀመሩና አለማቋረጡ ነው።

ባለቤቱ ሙስሊም ጎረቤት ቢሆንስ? የወሎ ሰው ይህን ሊጠይቅ ባልተገባ ነበር፤ ግን «ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ሰው ስለሆነ ምጽዋት ሰጥቼበታለሁ» የሚል አጋጥሞኛል። የበደላችሁት ሰው እርሱ ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቀውም ገንዘቡ የሚመለሰውም ለእርሱ ነው። ሱቁ በሚጨናነቅበት ሰዓት አትሂዱ፤ ዓርብ ከጁምዓ በፊትም አይመች። ከቤቱ ሂዱ፤ ነገሩ ከበድ ካለ አንድ ከእናንተ፣ አንድ ከእነርሱ ወገን ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። የምትሉት አጭር ነው፦ «ይህን ያህል ገንዘብህን ወስጃለሁ። ይኸው። አፉ በለኝ።» (ይቅር በለኝ ማለት ነው።) አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው «አፉ ብዬሃለሁ፣ ግባ ቡና ጠጣ» ነው። አልልም ቢላችሁም ገንዘቡን ትታችሁ ውጡ፤ የእናንተ ድርሻ ተፈጽሟል።

ሌላው ከባድ ጉዳይ የጦርነቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሱቆች፣ መጋዘኖች፣ ፋብሪካዎችና የሕክምና ተቋማት ተዘርፈዋል። በዚያ ትርምስ ከመንገድ ላይ የተነሣ፣ ወይም «ሌላው ከሚወስደው» ተብሎ የተያዘ፣ ወይም በርካሽ የተገዛ ዕቃ ዛሬም አንዳንድ ቤት ውስጥ አለ። «ዘራፊው ሌላ ነው፤ እኔ ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት» የሚለው ክርክር ኅሊናን አያሳርፍም፤ ዕቃው የተዘረፈ መሆኑን እያወቁ መግዛት የዝርፊያው ተካፋይ መሆን ነው። ባለቤቱ የሚታወቅ ከሆነ ይመለስለት። የተቋም ንብረት ከሆነ ለተቋሙ ይድረስ። ራሳችሁን ገልጣችሁ መመለስ የምትፈሩበት በቂ ምክንያት ካላችሁ የንስሐ አባታችሁ ስም ሳይጠሩ ሊያደርሱላችሁ ይችላሉ፤ ጠይቋቸው። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ፣ ፈጽሞ የማይታወቅ ከሆነም በአባታችሁ ምክር ዋጋው ለድሆች ይሰጥ።

ስም ያጠፋ ሰው የሚመልሰው ገንዘብ የለውም። ለተበደለው ሰው «አምቼሃለሁ» ብሎ መናገር አንዳንዴ አዲስ ቍስል ይከፍታል፤ ይህን ከአባታችሁ ጋር ለዩ። ወሬውን ለነገራችኋቸው ሰዎች ግን «ያን ጊዜ የነገርኳችሁ ውሸት ነበር» ማለት አይቀርም። ቡና ላይ የተበተነ ስም እዚያው ቡና ላይ ይሰበሰባል። እውነቱን ልናገር፣ ከብዙ ስግደት ይልቅ ይህ ይከብዳል።

በትዳር ላይ የተፈጸመ በደልን ለትዳር አጋር መናገር ወይም አለመናገር በችኮላ የሚወሰን አይደለም፤ ከአባት ጋር የሚመከርበት ነው። በሌላ በኩል ጥቃት የሚደርስበት ሕፃን ወይም በአደጋ ላይ ያለ ሰው ካለ ቀኖና የሕግን ቦታ አይተካም፤ ጥቃቱ ዛሬውኑ መቆም፣ ጉዳዩም ወደሚመለከተው አካል መድረስ አለበት።

እናንተም የበደላችሁን ሰው ይቅር በሉ። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፌ ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ጌታ ራሱ በማቴዎስ 6፥14-15 ስለ ተናገረው የምጨምረው ስለሌለ ነው።

ስድስተኛ፦ ፍትሐትና ቁርባን

ቀኖናችሁን ስትፈጽሙ ወደ አባታችሁ ተመለሱ። «ጨርሻለሁ» ብሎ ቤት መቅረት ንስሐን ሳይዘጉ መተው ነው። አባታችሁ የሆነውን ይጠይቃሉ፣ የፍትሐት ጸሎት ያደርሱላችኋል፣ በመስቀል ይባርኳችኋል፣ ለቁርባን ደርሳችሁ እንደ ሆነም ይነግሯችኋል።

ቁርባን የሕፃናትና የሽማግሌዎች ነው የሚለው ልማድ ከየት እንደ መጣ አላስረዳም፤ ግን ያለ ቦታው ነው። ጌታ «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ያለው ለዕድሜ ክልል አይደለም (ዮሐ. 6፥53)። ወጣቱ ንስሐ ገብቶ ከቅዳሴው መካከል ቆሞ ሳይቆርብ የሚመለሰው ለምንድን ነው? «ወጣት ነኝና እወድቃለሁ» ስለሚል። ንስሐ ግን የተሠራችው ለሚወድቅ ሰው ነው።

ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል ሥርዓቱ ነው። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ለሚቀበል ሰው የቅዳሜ ምግቡ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት ማለት ነው። መድኃኒት የምትወስዱ ለካህኑ አስቀድማችሁ ንገሩ። ባለ ትዳሮች ከቁርባን በፊትና በኋላ የምትታቀቡባቸውን ቀናት ከአባታችሁ ጠይቁ፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ብትቆርቡ ነገሩ ይቀላል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለመቁረብ የምትወጡ የሌሊት ብርድ የሚችል ልብስ ያዙ፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው የደሴ ማለዳ፣ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ኮምቦልቻን አይመስልም። ቅዳሴው ሳይጀመር ግቡ፣ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» (በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ) ሳይል አትውጡ። በዚያ ቀን ስግደት የለም፤ ከጭቅጭቅም ራቁ።

ሰባተኛ፦ እንደ ገና ስትወድቁ

ትወድቃላችሁ። ያኔ የመጀመሪያው ፈተና አባት መቀየር ነው፤ «ያንኑ ኃጢአት ስንት ጊዜ እነግራቸዋለሁ?» የሚል። ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ የሚሰማ አባት ሥሩን ሊያይ ይችላል፤ በየጊዜው አዲስ አባት የሚይዝ ሰው ግን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጌታ ለጴጥሮስ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ያለው ሰው ለሰው ስለሚያደርገው ይቅርታ ከሆነ፣ እርሱ ራሱ ለእኛ ያነሰ ይቅር ይላል ብሎ ማሰብ ስድብ ነው።

ስትመለሱ ግን የወደቃችሁበትን ቦታ፣ ሰዓትና ሰው ለይታችሁ ተመለሱ። መጠጥ ከሆነ ከሥራ በኋላ የምትሄዱበትን መንገድ ለውጡ። ቁማር ከሆነ ደመወዛችሁ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ወስኑ። ስልክ ላይ ያለ ነገር ከሆነ ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። አባታችሁ የሚሰጧችሁ ቀኖና ከእነዚህ ጋር ካልተገናኘ ራሳችሁ አንሡላቸው።

ቀጣዩን ቀጠሮም ከፍትሐቱ ቀን ሳትለዩ ያዙ። ለፍልሰታ መቁረብ የምታስቡ ጾሙ ነሐሴ 1 ስለሚገባ በሐምሌ መጨረሻ ሳምንት ሰው ሁሉ ሲጋፋ ሳይሆን በሰኔ ጀምሩ፤ ቀኖና ለመፈጸምም፣ የሰው ገንዘብ ለመመለስም፣ የተጣላችሁትን ለማግኘትም ጊዜ ይበቃችኋል።